የማያውቁት ድርጅት በቤትዎ አድራሻ ተመዝግቦ ሲገኝ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በግብር ወቅት ነው። ሐምሌ ሲገባ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የተላከ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ በር ያንኳኳል፤ በቤቱ የማይታወቅ ሰው ወይም ድርጅት ስም ይጠራል። የቤቱ እናት «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም፣ ልጄ» ብለው ይመልሱታል። ሠራተኛው ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አላለቀም። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀበሌና የቤት ቁጥር የእርሳቸው ነው፤ በቃል የሰጡት መልስ ደግሞ ከበሩ አልፎ ወደ መዝገቡ አይገባም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ስም ይዞ ይመጣል። ዕዳው በቅጣትና በወለድ አድጓል፤ ወረቀቱም በእጅ መሰጠቱ ቀርቶ በሩ ላይ ይለጠፋል።

በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋ ከተሞች ለሚኖሩ ወንድምና እህቶች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ጉዳዩ ከየት እንደሚመጣ፣ ሕጉ ምን እንደሚልና ምን ማድረግ እንደሚገባ እናያለን። ከወዲሁ ልብ እንዲባል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ጉዳይ ሰውን የሚጎዳው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ዝም ማለቱ ነው።

ወረቀቱ ለምን የእርስዎን በር አንኳኳ?

በእኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ደብዳቤ ቤት ድረስ በሚመጣባቸው አገሮች የተሳሳተ ምዝገባ ቶሎ ይታወቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዌልስ ካርዲፍ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው የማያውቃቸው ድርጅቶች የግብር ደብዳቤ እየጎረፈበት ተቸግሮ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ከ11 ሺህ በላይ የቻይና ድርጅቶች የእርሱን ቤት አድራሻ ሰጥተው ለተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝግበው ተገኙ። ሮቤ ላይ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለም። የሌላ ሰው ድርጅት በቤትዎ ቁጥር ለዓመታት ተመዝግቦ ቢቆይ እንኳ የሚያውቁት ሰው በእግሩ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአድራሻችን ጠባይ ነው። በንግድ ምዝገባ ላይ የሚጻፈው ክልል፣ ዞን፣ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ነው። ቀበሌ የሚባለው አደረጃጀት የመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን ነው፤ የቤት ቁጥሩም መንገድን ተከትሎ የተሰጠ ሳይሆን የቀበሌው ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች ቀበሌዎች ተዋሕደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ስም ቀይረዋል። አንድ ግቢ ለወንድማማቾች ሲከፈል አንዱ ቁጥር «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ይቀጠላል። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ደግሞ በቅጹ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ይሞላል፤ «አዲስ» የሚባል ቤት በአንድ ሰፈር ስንት እንደሆነ ቆጥሮ መድረስ ይከብዳል። ስለዚህ ከሚገጥሙት ስህተቶች ብዙዎቹ ተንኮል የለባቸውም፤ አንድ አኃዝ የተዘለለበት፣ ወይም «ለ» የተረሳበት ጉዳይ ነው።

ሮቤ ላይ ደግሞ የራሱ የሆነ ተጨማሪ ጣጣ አለ። በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ሮቤ የሚባል ከተማ አንድ ብቻ አይደለም። ባሌ ሮቤ አለ፣ አርሲ ሮቤም አለ። በአካባቢው ሰው አፍ ሁለቱ የሚለዩት ዞኑ ከፊት ሲጨመር ነው። ቅጽ የሚሞላ ሰው ግን «ከተማ፦ ሮቤ» ብሎ ዞኑን ሳይጽፍ ወይም ከዝርዝሩ ሌላ ዞን መርጦ ቢያልፍ፣ የአርሲው ነጋዴ በወረቀት ባሌ ውስጥ ያድራል። ወደ በርዎ የመጣው ስም በሰፈሩ ማንም የማያውቀው ከሆነ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው። ሮቤና ጎባም 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚራራቁ፣ በአንዱ የሚኖርና በሌላው የሚነግድ ሰው ብዙ ነው፤ የሁለቱም ከተማ ቀበሌዎች በቁጥር ሲጠሩ ደግሞ የአንዱ በሌላው ይጻፋል።

ሦስተኛው፣ እኛ ከሁሉ የሚበዛ የሚመስለን፣ ሄዶ ያልዘጋ ተከራይ ነው። ሲናና፣ አጋርፋና ጋሰራ ስንዴና ገብስ የሚታፈስባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ ዓመቱም በሁለት አዝመራ፣ በገና እና በቦና ይከፈላል። በአዝመራ ወቅት እህል ነጋዴው፣ የኮምባይነር አከራዩ፣ ማዳበሪያና ፀረ አረም ሻጩ ይመጣል፤ አንድ ክፍል ወይም ሰርቪስ ቤት ይከራያል፤ በዚያ አድራሻ ፈቃድ ያወጣል። ሥራው ሲቀዘቅዝ ቁልፉን መልሶ ይሄዳል። ፈቃዱን ግን አይመልስም። ምክንያቱም ፈቃድ ለመመለስ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ ያለፈው ዕዳ በሙሉ መከፈል አለበት። መክፈት ቀላል፣ መዝጋት ከባድ ሲሆን ሰው ጥሎ መሄድን ይመርጣል። የታክስ ሕጉ አድራሻ የቀየረ ግብር ከፋይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ የሚያሳውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሁለቱ ዓይነቶች ናቸው ልብ የሚሰብሩት። አንደኛው የዘመድ ነው። የእህት ልጅ «አድራሻ ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ሐጂ» ብሎ የካርታ ኮፒ ወስዶ ድርጅት ያቋቁማል፤ ሐጂም በይሉኝታ እሺ ይላሉ፤ ወይም ጭራሽ ሳይጠየቁ ልጁ ኮፒውን ከሣጥን ያወጣል። ሌላኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጭበርበር ነው፤ በተጭበረበረ የኪራይ ውል ድርጅት ተከፍቶ፣ ደረሰኝ ተሽጦበት፣ ባለቤቱ ይሰወራል። የገቢዎች ሚኒስቴር በተለያዩ ዓመታት ሐሰተኛ ደረሰኝ ሲቆርጡ አገኘኋቸው ያላቸውን ድርጅቶች ስም ይፋ አድርጓል። እንዲህ ያለ ድርጅት በባሕርይው እውነተኛ አድራሻውን አይሰጥም፤ የሚሰጠው የሌላ ሰው ነው።

ዕዳው የማን ነው?

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ፍርሃት «ቤቴን ይወስዱብኛል» የሚል ነው። አጭሩ መልስ፦ የንግድ ዕዳ የነጋዴው እንጂ የቤቱ አይደለም። ድርጅት በቤትዎ ቁጥር መመዝገቡ ብቻውን እርስዎን ባለዕዳ አያደርግም፤ ካርታዎንም አይነካም። ገቢዎች ሊይዝ የሚችለው የግብር ከፋዩን ንብረት ነው።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው በሌላ በር ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ማስታወቂያ ለግብር ከፋዩ ደረሰ ከሚባልባቸው መንገዶች አንዱ በንግድ ቦታው ወይም በመኖሪያው በር ላይ መለጠፍ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ በእርስዎ በር የተለጠፈው ወረቀት በመዝገብ ላይ «ለነጋዴው ደርሷል» ተብሎ ይያዛል። የይግባኝና የክፍያ ቀን መቁጠር ይጀምራል፤ ነጋዴው አያውቅም፤ ቀኑ ያልፋል፤ ወደ ማስገደድ እርምጃ ይገባል። እርምጃው የሚፈጸመውም በታወቀው አድራሻ፣ ማለትም እርስዎ ቤት ነው።

ሌላው በር የቤት ዕቃ ነው። የነጋዴው አበዳሪ ፍርድ ቤት አስፈርዶ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ቢያመጣ፣ ፍሪጁና ሶፋው የማን እንደሆነ ዕቃው አይናገርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1193 የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ይህ ግምት በመሠረቱ ለእርስዎ የቆመ ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ያ ቤት የነጋዴው ቦታ ሆኖ ሲታይ «በማን እጅ ነው ያለው?» የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። ያኔ ሰበታ ቄራ ሄዶ እንደተገዛ በሬ ምስክር ፍለጋ ከመዞር፣ የቴሌቪዥኑንና የፍሪጁን ደረሰኝ አስቀድሞ በአንድ ፌስታል ማኖር ይሻላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብር። በቤትዎ ድርጅት ተመዝግቦ ካለ፣ የገቢዎች ሠራተኛ በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ ቤቱን አከራይተዋል የሚል ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል። ይህ ጊዜ ዕዳው የሌላ ሰው መሆኑ ይቀርና በራስዎ ስም ይመጣል። እዚህ ላይ ነው «እኔን አይመለከተኝም» የሚለው ቃል በትክክል ውሸት የሚሆነው።

መዝገቡን ሳያዩ አይሩጡ

በር ላይ ወረቀት ካገኙ አይቅደዱት። ቀድዶ መጣል ወረቀቱን ያጠፋል እንጂ መዝገቡን አያጠፋም፤ እርስዎንም ማስረጃ ያሳጣል። በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ቀኑን፣ የደብዳቤውን ቁጥር፣ የላከውን መሥሪያ ቤት፣ የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይያዙ። ወረቀቱ በእጅ ከመጣና ተረክበው እንዲፈርሙ ከተጠየቁ፣ «ስሙ የተጠቀሰው ሰው በዚህ ቤት አይኖርም፤ አናውቀውም» ብለው ከፊርማዎ በላይ ይጻፉ። ባዶ ፊርማ ነገ «ቤተሰቡ ተረክቧል» ይባልበታል።

ቀጥሎ መዝገቡ ምን እንደሚል ይወቁ። የንግድ መዝገብ በባሕርይው ለሕዝብ የታሰበ መዝገብ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ በተባለው የኢንተርኔት አሠራሩ የአንድ ፈቃድ ሕጋዊነት በፈቃድ ቁጥር ወይም በመለያ ቁጥር እንዲጣራ አድርጓል። በቤት ቁጥር ግን አይፈለግም፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ ያገኙት ቁጥር ዋጋ አለው። ስልኩን የሚነካካ ልጅ በሰፈሩ አይጠፋም፤ ያጣሩልዎት።

ከዚያ በኋላ ራስዎን ይጠይቁ። ስሙን አይተው «ይህማ የዛሬ አራት ዓመት ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው ልጅ ነው» የሚሉ ከሆነ፣ ጉዳዩ በስልክ ሊያልቅ ይችላል። ዞኑ አርሲ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የጸሐፊ ስህተት ነው። ሁለቱም ካልሆነ ወደ ከባዱ እንሄዳለን። የቱ እንደሆነ ሳይለዩ «ሌባ በቤቴ ድርጅት ከፈተ» ብሎ በየሻይ ቤቱ ማውራት አይገባም። ያላረጋገጡትን በሰው ላይ መናገር በዲናችን ቡህታን ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ማኅተም ያረፈበት ቀሪ

የሚሄዱባቸው መሥሪያ ቤቶች ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ቀበሌ። ቀበሌው ሰው ልኮ ቤቱን ዓይቶ በዚህ ቁጥር የሚኖረው ማን እንደሆነና በቤቱ ንግድ አለመኖሩን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ። ይህች አንድ ገጽ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ታቀላለች፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ የሚያምነው ከእርስዎ ቃል ይልቅ የቀበሌውን ማኅተም ነውና። ከዚያ ምዝገባውን የሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ገቢዎች። የግለሰብ ነጋዴ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከተማው ላይ ያልቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ግን መዝገቡ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሳያረጋግጡ መንገድ አይጀምሩ። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በከንቱ የሚመላለሱበት አይደለም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የሚከተለውን እንደ መነሻ መጠቀም ይቻላል፦

«ለ… ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤቴ አድራሻ ያላግባብ የተመዘገበ የንግድ ድርጅት አድራሻ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። እኔ … በ… ቀበሌ የቤት ቁጥር … ነዋሪ ስሆን፣ ቤቱ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ቁጥር … በስሜ ይታወቃል። በቀን … በሬ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ … የተባለና የመለያ ቁጥሩ … የሆነ ድርጅት በዚህ አድራሻ መመዝገቡን አውቄአለሁ። ቤቱን ለዚህ ድርጅት አላከራየሁም፤ በአድራሻው እንዲጠቀምም ፈቃድ አልሰጠሁም። ስለዚህ አድራሻው ከመዝገቡ እንዲነሣ፣ ለምዝገባው የቀረበው የአድራሻ ማስረጃ ግልባጭ እንዲሰጠኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ። ግልባጭ፦ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌው አስተዳደር።»

በሮቤና በጎባ የመሥሪያ ቤቶቹ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ ማስጻፍ ይቀላል። በፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን የዕለት ሥራቸው አድርገውታል። ሲያጽፉ ግን ያላሉትን እንዳይጨምሩልዎት፣ በተለይ «በሐሰት»፣ «በማጭበርበር» የሚሉ ቃላትን ማስረጃ ሳይኖር እንዳያስገቡ ደግመው ያስነብቡ።

ከማመልከቻው ውስጥ ትልቁ ጥያቄ መሀል ላይ ያለው ነው፤ የአድራሻው ማስረጃ ግልባጭ። ነጋዴው ያንን አድራሻ ሲሰጥ ምን አቀረበ? የኪራይ ውል ነው? የካርታ ኮፒ ነው? የቀበሌ ደብዳቤ ነው? ወይስ ምንም ሳያቀርብ ቁጥር ብቻ ሞላ? መልሱ ጉዳዩን ከስህተት ወደ ወንጀል ወይም ከወንጀል ወደ ስህተት ያዞረዋል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ «ይህ የውስጥ ፋይል ነው» ከተባሉ እምቢታው በጽሑፍ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ።

ማመልከቻው በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ይህ ቀሪ ከማንኛውም የቃል ተስፋ ይበልጣል። ኃላፊው ይቀየራል፣ ጸሐፊዋ ትዛወራለች፤ በ2017 ማመልከቱን የሚያስታውስ ሰው በ2019 ላይኖር ይችላል። ማኅተሙ ግን ዕዳው ባደገበት ጊዜ ሁሉ እርስዎ ዝም እንዳላሉ ይመሰክራል።

የኪራይ ገቢ ግብር በራስዎ ስም ከተጣለ ግን ጊዜ አይሰጥም። በፌዴራሉ አዋጅ የግብር ውሳኔን ለመቃወም ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ የታክስ አዋጆች ስላሉት በደረሰዎት ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቀን ይመልከቱና ያንን ይጠብቁ። «መጀመሪያ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ያስተካክል፣ ከዚያ ገቢዎች እሄዳለሁ» ብለው አንዱን በሌላው አያስጠብቁ።

«ትንሽ ነገር ይዘህ ና፣ ከኮምፒውተሩ አጠፋልሃለሁ» የሚል ደላላ መምጣቱም አይቀርም። ይህ ሪሽዋ ነው፤ ሐራምነቱን ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻም። ከዚያ ባሻገር ጥቅምም የለውም። በምስጢር የጠፋ ነገር ደብዳቤ የለውም፤ ደብዳቤ የሌለው ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም።

ዘመድ፣ ተከራይና የመስጂድ ቤት

ጉዳዩ የዘመድ ሲሆን ሕጉ ቀላል፣ ይሉኝታው ከባድ ነው። ሽማግሌ ልኮ «አድራሻህን አንሣ» ማለት ነውር የለውም። ልጁ በራሱ ሄዶ የአድራሻ ለውጥ ቢያስመዘግብ ከሁሉም ይቀላል፤ ለዚህ ግን የተወሰነ ቀን ይቆረጥለት። ካላደረገው ማመልከቻውን ማስገባት ዝምድና መቁረጥ አይደለም።

በይበልጥ የምንፈራው ለዘመድ ተብሎ የሚፈረም የይስሙላ የኪራይ ውል ነው። ቤቱ አልተከራየም፤ ብር አልተቀበሉም፤ ነገር ግን ለፈቃድ ማውጫ ሲባል «በወር ይህን ያህል ብር አከራይቻለሁ» ተብሎ ተፈርሟል። ገቢዎች የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ ግብሩንም በዚያ ቁጥር ያሰላል። «ለማስመሰል ነበር» ብሎ መከራከር ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ፈርሜአለሁ ብሎ ማመን ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ ስለ ውል መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ውል መጻፍ ይህን ያህል ክብር ያለው ነገር ከሆነ፣ ባዶ ውል ላይ መፈረም ምን ያህል ቀላል ነገር እንዳልሆነ መገመት ይቻላል።

እውነተኛ ተከራይ ያለው ሰው ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ብዙ ይድናል፦ ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ በዚህ አድራሻ ያወጣውን ፈቃድ መመለሱን ወይም አድራሻ መቀየሩን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል፤ እስከዚያ መያዣው አይመለስለትም የሚል። ያለ ንግድ ፈቃድ ሊኖርበት ለተከራየ ሰው ደግሞ «ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው፤ የንግድ አድራሻ ሊሆን አይችልም» ተብሎ ይጻፍ።

የመስጂድ ወቅፍ የሆኑ ሱቆችና ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። እንዲያውም ይብሳሉ፤ ምክንያቱም የመስጂድ ኮሚቴ ይቀየራል፣ የቀድሞው ተከራይ ማን እንደነበር የሚያውቀው ሰውም አብሮ ይሄዳል። የቀድሞው ተከራይ ፈቃዱን ሳይመልስ ከሄደ፣ አዲሱ ተከራይ በዚያው ሱቅ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል ሊቸገር ይችላል፤ የወቅፉ ገቢ ይቆማል። ኮሚቴዎች ርክክብ ሲያደርጉ ከቁልፍና ከሒሳብ ጋር በየሱቁ ስም የተመዘገበ ፈቃድ ማን ላይ እንዳለ የሚገልጽ ዝርዝርም ቢረካከቡ ጥሩ ነው።

አንድ ሌላ እንቅፋት አለ። በባሌ ብዙ ቤት እስከ ዛሬ በሟች አባት ስም ነው። ልጆቹ ይኖሩበታል፣ ካርታው ግን አልዞረም። ከልጆቹ አንዱ ማመልከቻ ይዞ ሲሄድ «አንተ ማን ነህ?» ይባላል። ለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ማስረጃ ይህን ያሟላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ፈቅዷል። የድርጅቱ አድራሻ ክርክር ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ ይዘውት ቢሄዱ ጊዜ ይባክናል።

ፊርማዎ ተመስሎ ከተገኘ

ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ የተገኘው ግልባጭ እርስዎ ያልፈረሙት የኪራይ ውል ከሆነ ጉዳዩ ከማስተካከል ያልፋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልንም ይቀጣል። ወደ ፖሊስ ሄደው ቃልዎን ይስጡ፤ የጉዳዩን መዝገብ ቁጥር ይቀበሉ፤ ቁጥሩን ጠቅሰው ለንግድ ጽሕፈት ቤቱና ለገቢዎች ሁለተኛ ደብዳቤ ያስገቡ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 በሐሰተኛ ማስረጃ የተገኘ ፈቃድ እንዲሰረዝ ያስችላል። ውሉ ላይ የአረጋጋጭ መሥሪያ ቤት ማኅተም ካለ፣ ማኅተሙን ወደሰጠው ቢሮ ሄደው በዚያ ቀንና ቁጥር እንዲህ ያለ ውል በመዝገባቸው መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ፤ ከሌለ ያንን በደብዳቤ ያግኙ። ከመቶ ክርክር ይበልጣል።

የፋይዳ መታወቂያ መስፋፋቱ ይህን ማጭበርበር ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ በሌላ ሰው ስም ድርጅት መክፈትን ያከብዳል። ነገር ግን ፋይዳ የሚነግረን ሰውዬው ማን እንደሆነ ነው። የሰጠው የቤት ቁጥር የእርሱ ይሁን የጎረቤቱ አይናገርም።

ነገሩ ሳይስተካከል የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ከመጣ፣ በር ዘግቶ መሳደብ አይጠቅምም። ትእዛዙን ያንብቡ፤ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው መዝገብ እንደሰጠው ይጻፉ፤ ቀሪውን ማመልከቻና የቀበሌውን ደብዳቤ ያሳዩ። ዕቃ ተመዝግቦ ከተያዘም መንገድ አለ፦ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 በሌላ ሰው ዕዳ ንብረቱ የተያዘበት ሰው ለሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ተቃውሞ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም ዕቃው የማን እንደሆነ ያጣራል። ተቃውሞው ከሐራጁ ቀን በፊት መግባት አለበት። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ «ልንፈትሽ ነው» ብሎ ወደ መኖሪያ ቤት ለሚገባ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ፤ የሰው መኖሪያ ቤት ከመፈተሽ የተጠበቀ ነው።

በውጭ ለሚኖሩ

በሮቤና በጎባ በውጭ አገር የሚኖር ሰው ቤት ብዙ ነው። አንዳንዱ ተዘግቶ በዘበኛ የሚጠበቅ፣ አንዳንዱ በዘመድ እጅ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ለተሳሳተ ምዝገባ ይመቻል፤ «ይህ ቤት የእኔ ነው» ብሎ የሚከራከር በአቅራቢያው የለምና። ሪያድ ወይም ሚኒሶታ ሆኖ በስልክ መቆጣት መዝገቡን አያስተካክልም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ፣ አገር ቤት ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው «ቤቴን ያስተዳድርልኝ» ብቻ ካለ መሥሪያ ቤቶች ሊያንገራግሩ ይችላሉ፤ በንግድ፣ በገቢዎችና በፍርድ ቤት ስለ ቤቱ አቤቱታ ለማቅረብ፣ ማስረጃ ለመቀበልና ለመከራከር የሚል በግልጽ ይጻፍበት።

ነገሩ የሚኖሩበት አገር ውስጥ ከገጠመዎት መንገዱ ሌላ ነው። ለምሳሌ እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለካምፓኒስ ሃውስ አር ፒ 07 የተባለውን ቅጽ ሞልተው ሲልኩ ክፍያ አይጠየቁም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የተቃወሙትን አድራሻ ወደ ራሱ አድራሻ የማዛወር ሰፋ ያለ ሥልጣን አግኝቷል፤ ድርጅቱ በ28 ቀን ውስጥ ትክክለኛ አድራሻ ካላቀረበ ከመዝገብ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ አንድ ቅጽ ስለሌለ ነው ሦስቱን ቢሮ በሦስት ቀሪ መዞር ያስፈለገው። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ አድራሻውን ካነሣ በኋላም ደብዳቤው ለገቢዎች መድረሱን በአካል ያረጋግጡ፤ የሁለቱ መዝገብ ሁልጊዜ አብሮ አይታረምም፤ በሐምሌ ሠራተኛ የሚልከው ደግሞ ገቢዎች ነው።